ስሙን ጥሎ ሥራውን ያልጣለው ሰው

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትማችን በቬትናም ጦርነት ዘመን ስለተነሡት የአሜሪካ ወጣቶች ባቀረብነው ጽሑፍ ውስጥ የአቢ ሆፍማን ስም አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅሶ አልፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ደብዳቤዎች ስለዚህ ሰው አጥብቀው የሚጠይቁ በመሆናቸው የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእርሱ ሰጥተነዋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጻፍናቸው ዘመናት «ዓ.ም.» የሚል ምልክት አላቸው፤ የቀሩት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «አባቴ በጃንሆይ ዘመን ዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ሲማሩ አሜሪካውያን መምህራን ነበሯቸው። ቡና ሲጠጣ ስለዚያ ጊዜ ማውራት ይወዱ ነበርና ‹ብር የበተነው እብድ› የሚሉትን አንድ አሜሪካዊ ሳያነሡ አያልፉም። ሰሞኑን ስለ ቺካጎው ችሎት የተሠራ ፊልም ሳይ ያ ሰው አቢ ሆፍማን መሆኑን አወቅሁ። ለመሆኑ ቀልደኛ ነበር ወይስ የምር ታጋይ? የእኛ ተማሪዎችስ በዚያው ዘመን ሲታገሉ እንደ እርሱ ጸጉራቸውን አስረዝመውና በቀልድ ተከናንበው ያልወጡት ለምንድን ነው?» (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ አባትዎ የሰሙት እውነት ነው፤ «እብድ» በሚለው ላይ ግን ከእርሳቸው ጋር ባልስማማ ቅር እንዳይሰኙብኝ እለምናለሁ። ቀኑ ኦገስት 24 ቀን 1967 ነበር። ሆፍማን ጥቂት ጓደኞቹን አስከትሎ፣ እንደማንኛውም ጎብኚ ተሰልፎ ኒው ዮርክ ወደሚገኘው የአክሲዮን ገበያ ገባና ከሰገነቱ ላይ ሆኖ የዶላር ኖቶችን ቁልቁል በተነ። ከታች የነበሩት አገበያዮች ሥራቸውን አቋርጠው ቀና አሉ። ከፊሎቹ ጮኸው ተሳደቡ፤ ከፊሎቹ ግን በእጃቸው የሚያልፈውን የሚሊዮን ሂሳብ ረስተው አንዲት የአንድ ዶላር ኖት ለመልቀም ጎንበስ ቀና ሲሉ ታዩ። ወጣቶቹ ደጅ ወጥተውም በጋዜጠኞች ፊት ኖት አቃጠሉ። ውስጥ ካሜራ የያዘ ሰው ስላልነበረ እያንዳንዱ ጋዜጣ ነገሩን በመሰለው መንገድ ተረከው፤ ሆፍማን የፈለገውም ይህንኑ ነበር። ስለ ገንዘብ ስስት ሁለት ሰዓት ሙሉ ዲስኩር ቢያደርግ የሚያዳምጠው አልነበረም። ስስቱን ራሱን በሁለት ደቂቃ ውስጥ በሰው ዓይን ፊት አቆመው። የገበያው ባለሥልጣናት ከዚያ በኋላ ሰገነቱን በመስታወት አስከለሉት።

እንዲህ ዓይነቱን ድርጊት የሚያቅድ ሰው ቀልድ የሚወድ መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ቀልዱ የመጣው ከረጅም ሥራ በኋላ ነው። ሆፍማን ኖቬምበር 30 ቀን 1936 ዉስተር በምትባል የማሳቹሴትስ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1959 በሥነ ልቦና ተመረቀ። ካስተማሩት አንዱ አብርሃም ማዝሎ ነው፤ በአገራችን የማኔጅመንት ትምህርት የቀመሰ ሰው ሁሉ የፍላጎት ደረጃዎቹን በቃሉ የሚወጣለት ያው ማዝሎ ማለት ነው። ሆፍማን ከትምህርት በኋላ ወደ ጥቁሮች የሲቪል መብት ትግል ገባ። በኒው ዮርክ ከተማም ሊበርቲ ሃውስ የተባለ ሱቅ በማቋቋም፣ የሚሲሲፒ ድሆች በማኅበር ተደራጅተው የሚሠሯቸውን የእጅ ሥራዎች ይሸጥላቸው ነበር። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ «ለምን ለመምረጥ ተመዘገባችሁ» ተብለው ከሥራና ከእርሻ የተባረሩ ናቸው። ዕቃ የሚቆጥር፣ ሂሳብ የሚያወራርድ፣ ለድሃ ማኅበር ገበያ የሚፈልግ ሰው ነበር እንግዲህ ከአክሲዮን ገበያው ሰገነት ላይ የቆመው።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን ጦርነቱን የሚቃወም ወደ መቶ ሺሕ የሚጠጋ ሕዝብ በዋሽንግተን ሲሰበሰብ፣ ሆፍማንና ጓደኞቹ የጦር ሚኒስቴሩን ሕንፃ፣ ፔንታጎንን፣ በመዝሙርና በድግምት ከመሬት እናነሣዋለን ብለው አወጁ። ሕንፃው ንቅንቅ አላለም። ሆኖም ያን ቀን በቴሌቪዥን የታየው ትዕይንት፣ ወጣት ወታደሮች በአንድ ወገን፣ አበባ የያዙ እኩዮቻቸው በሌላ ወገን ቆመው የሚተያዩበት፣ ከብዙ አሜሪካውያን አእምሮ አልጠፋም። ዓመቱ ሊያልቅ የአንድ ሌሊት ዕድሜ ሲቀረው ሆፍማን ከባለቤቱ ከአኒታ፣ ከጄሪ ሩቢን፣ ከፖል ክራስነርና ከሌሎች ጋር ሆኖ ይፒዎች የሚባለውን ቡድን መሠረተ። ሂፒው ከዓለም የመራቅ ፍላጎት ነበረው፤ ይፒው ግን ያንኑ ጸጉርና ያንኑ ዘፈን ይዞ ወደ ፖለቲካ እንዲገባ ነው የታሰበው።

በኦገስት 1968 ዴሞክራቲክ ፓርቲ ቺካጎ ላይ ጉባኤውን ሲያካሂድ ይፒዎች ፒጋሰስ ያሉትን አሳማ ለፕሬዚዳንትነት አጭተው መጡ። ፖሊስ አሳማውንም አጫጮቹንም ያዘ። በቀጣዮቹ ቀናት በየመናፈሻውና በየጎዳናው የወረደው ዱላ ግን ቀልድ አልነበረም፤ ነገሩን እንዲመረምር በመንግሥት የተሰየመው ቡድን እንኳ ሁከቱን የፖሊስ ሁከት ብሎታል። እንዲያም ሆኖ ሆፍማንን ጨምሮ ስምንት ሰዎች «ሁከት ለማስነሣት አሲረዋል» ተብለው ተከሰሱና ችሎቱ ሴፕቴምበር 24 ቀን 1969 ተከፈተ። ዳኛው ጁሊየስ ሆፍማን ይባላሉ፤ ከተከሳሹ ጋር በአባት ስም ቢገናኙም ዝምድና የላቸውም። ከተከሳሾቹ ብቸኛው ጥቁር፣ ቦቢ ሲል የተባለው ሰው፣ «ጠበቃዬ በሌለበት አልዳኝም፣ ራሴም ልከራከር» በማለቱ ወንበር ላይ ታስሮ፣ አፉ ተለጉሞ ለቀናት በችሎት እንዲቀመጥ ተደረገ፤ በኋላም ክሱ ተለይቶ ወጣ። አንድ ቀን ደግሞ ሆፍማንና ሩቢን የዳኛ ጥቁር ካባ ለብሰው ገቡ። ዳኛው እንዲያወልቁ ሲያዙ ከካባው ሥር የፖሊስ ልብስ ታየ። ይህን ሁለተኛውን ነገር ከመጀመሪያው ነጥሎ የሚያይ ሰው የሰዎቹን ድፍረት እንደ ቅብጠት ይቆጥረዋል። የሰው አፍ በጨርቅ የተለጎመበት ችሎት መሆኑን ያስታወሰ ግን ካባውና የፖሊስ ልብሱ ምን እንደሚሉ ማስረዳት አያስፈልገውም።

በፌብሩዋሪ 1970 ሁሉም ከሴራው ክስ ነፃ ሲወጡ ሆፍማንና ሌሎች አራት ሰዎች ሁከት ለማነሣሣት የክፍለ ግዛት ወሰን ተሻግረዋል ተብለው አምስት ዓመት ተፈረደባቸው። ከዚያ በላይ ችሎት በመድፈር የተጫነባቸው ቅጣት ነበር። በ1972 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው።

ስለ እኛ ተማሪዎች ያነሡት ጥያቄ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባዋል። በአጭሩ ልበል፦ የእኛዎቹ ትግላቸው ከመሬት ጀመረ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ የሚናገሩለት ገበሬ ጭሰኛ ነበርና የሚያስረዝሙት ጸጉር ትርጉም አልነበረውም። እንዲያውም በ1960 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው በተዘጋጀ የፋሽን ትርዒት ላይ ተቃውሞ ያስነሡት ራሳቸው አብዮተኞቹ ተማሪዎች ናቸው፤ አጭር ቀሚሱን የባዕድ ባህል ወረራ አድርገው ቆጠሩትና ወደ ትርዒቱ የሚገቡትን እንግዶች አዋከቡ። አሜሪካ ውስጥ የዓመፅ ምልክት የሆነው ልብስ አዲስ አበባ ላይ የዓመፅ ዒላማ ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይከብዳል። የቺካጎው ችሎት ገና በመካሄድ ላይ ሳለ፣ በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም.፣ የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ፤ በማግሥቱ አስከሬኑን ከብበው ባለቀሱት ተማሪዎች ላይም ተተኮሰ። ሆፍማን ዳኛውን አላግጦባቸው ይግባኝ የሚልበት ፍርድ ቤት ነበረው። ጥላሁን አልነበረውም። ቀልድ መሣሪያ የሚሆነው ቀልደኛው እስከ ማግሥቱ እንደሚኖር ሲያውቅ ነው፤ ስለዚህ የእኛዎቹ ፊታቸውን ቢያጠቁሩ አልፈርድባቸውም።

ጥያቄ፦ «ሰባ ዓመት አልፎኛል፤ ልጆችና የልጅ ልጆች አሉኝ። ይህ ሰው ኮኬይን ሲሸጥ የተያዘ፣ ስርቆት የሚያስተምር መጽሐፍ የጻፈ መሆኑን አንብቤያለሁ። ወጣቱ በሱስ በሚጠፋበት በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለውን ሰው ማንሣት ከእናንተ የሚጠበቅ ነው?» (ከሐረር፣ ጁገል)

መልስ፦ አባታችን፣ ሁለቱም ያሉት ነገር እውነት ነው፤ በሁለቱም ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። በ1971 ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ ራሱ አንባቢውን «ይህን መጽሐፍ ስረቅ» ይላል። ብዙ አሳታሚዎች እምቢ ስላሉት ራሱ አሳተመው፤ በብዙ አሥር ሺዎች ተሸጠ። ሳይከፍሉ መብላትን፣ ሳይከፍሉ መጓዝን የሚመክሩ ገጾች አሉበት። ደራሲው የሚነሣው ትልልቅ ኩባንያዎችን ለመጉዳት ቢሆንም፣ ከባለሱቁ ዳቦ የሚያነሣው ወጣት ባለሱቁን እንጂ ኩባንያውን አይጎዳም። ሚሲሲፒ ላሉ ድሆች ሱቅ የከፈተ ሰው ይህን ማወቅ ነበረበት።

ኮኬይኑም እንዲሁ ነው። በኦገስት 1973 ገዢ መስለው ለቀረቡ ፖሊሶች ሲሸጥ ተያዘ። እርሱ ወጥመድ ተዘጋጅቶብኝ ነው ቢልም እኔ ይህን ለማስተባበል አልነሣም። ረጅም እስራት እንደሚጠብቀው ሲያውቅ በ1974 ዋሱን ጥሎ ጠፋ። የሸሸው ስለ ቬትናም ወይም ስለ ጥቁሮች መብት እንዳልሆነ፣ በገዛ እጁ ባመጣው ጣጣ እንደሆነ ለልጅ ልጆችዎ ቢነግሯቸው ትክክል ነዎት። የምለምንዎት ግን ታሪኩን እዚያ ላይ እንዳያቆሙባቸው ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው የተሠራው ከዚያ በኋላ ነውና። በዚህ ዓምድ የመጨረሻውን ደብዳቤ ያንብቡልኝ።

ጥያቄ፦ «አስጎብኚ ነኝ። የፈረንሳዊውን ገጣሚ የራምቦን ቤት ያሳየኋቸው አንድ አዛውንት አሜሪካዊ ‹የእኛ ዘመን ሂፒዎች የዚህን ልጅ ግጥም በኪሳቸው ይዘው ይዞሩ ነበር› አሉኝ። ራምቦና አቢ ሆፍማን ይገናኛሉ?» (ከሐረር)

መልስ፦ በመንፈስ ይገናኛሉ ለማለት ይቻላል፤ የዚያ ትውልድ ዘፋኞችና ገጣሚዎች ራምቦን እንደ አባት አይተውታል። እኔን የሚገርመኝ ግን የሚለያዩበት ነው። ራምቦ ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላው ግጥም መጻፍ አቆመ። በ1880 መጨረሻ ሐረር ሲገባ የቡናና የቆዳ ነጋዴ ተቀጣሪ ነበር፤ በኋላም ለንጉሥ ምኒልክ መሣሪያ አመጣ። የጥንት ሥራውን ሲያነሡበት የሚሰለች ሰው ሆኖ ነበር። ሆፍማን በተራው ከአገሩ ሕግ ሸሽቶ፣ ስሙን ለውጦ በአንዲት ዳር አገር ሲቀመጥ ዝም ብሎ መኖር ይችል ነበር፤ ደግሞም ዝምታው ሕይወቱን ያተርፍለት ነበር። አልሆነለትም። እንግዶችዎን ወደ ቤቱ ሲያስገቡ ይህን ልዩነት ቢነግሯቸው ለወሬ ጥሩ መነሻ ይሆናል።

ጥያቄ፦ «የሥነ ልቦና ተማሪ ነኝ። ሆፍማን ራሱን እንዳጠፋ አንብቤ በጣም አዘንሁ። ያን ያህል ሰው ያስቅ የነበረ ሰው እንዴት ለዚህ ደረሰ? የትግል ጓደኞቹስ የት ነበሩ?» (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

መልስ፦ ሆፍማን በ1980 ባይፖላር የሚባለው ሕመም እንዳለበት ተነግሮት ነበር። ሕመሙ ለሳምንታት እንቅልፍ የሚያሳጣ ጉልበትና ደስታ ይሰጥና ተመልሶ ከአልጋ የማያስነሣ ጨለማ ውስጥ ይከታል፤ እርስዎ በትምህርትዎ ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰዎች የሚያጨበጭቡለት ከፍታው ላይ ሳለ ነበርና ከፍታው ሕመም መስሎ አልታያቸውም። አሥር ሰው የሚሠራውን ብቻውን የሚሠራ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያወራ፣ ሁሉን የሚያስቅ ሰው ማንም «ሐኪም ዘንድ ሂድ» አይለውም። እኛም አገር «ሲበዛ ጨዋታ አዋቂ ነበር፤ ምን ነካው?» የምንላቸው ሰዎች አሉ፤ እኔም እንዲህ ያለ ወዳጅ ነበረኝና ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

ከእስር ከተፈታ በኋላም አላረፈም። በኖቬምበር 1986 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ተማሪዎችን መመልመሉን ሲቃወም፣ ከቀድሞው ፕሬዚዳንት ካርተር ልጅ ከኤሚ ጋር ተያዘ። በችሎቱ ላይ ራሱ ተከራካሪ ሆኖ ቀረበ፤ መከራከሪያቸውም ትልቅ ወንጀል ለማስቆም ትንሹን ሕግ ጥሰናል የሚል ነበር። በኤፕሪል 1987 ከተራ ዜጎች የተውጣጣው ጁሪ ሁሉንም ነፃ አላቸው። በቺካጎ የተሳለቀበትን ፍርድ ቤት ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ በሙሉ ልብስ ገብቶ በክርክር ማሸነፉ የሰውዬውን መብሰል ያሳያል ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በሁለት ዓመቱ፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1989፣ ፔንስልቬንያ በሚገኘው ቤቱ ሞቶ ተገኘ። 52 ዓመቱ ነበር።

ጓደኞቹ በየመንገዳቸው ሄደዋል። በቺካጎ አብሮት የተከሰሰው ቶም ሄይደን የካሊፎርኒያ ምክር ቤት አባል ሆነ። ጄሪ ሩቢን ነጋዴ ሆኖ በ1980ዎቹ ከሆፍማን ጋር ከመድረክ መድረክ እየዞረ ይከራከር ነበር፤ አንዱ የጥንቱን ዓመፅ ሲጠብቅ ሌላው የሀብት ጊዜ ነው እያለ። አንዱን ከሃዲ፣ ሌላውን ሰማዕት ማለት ቀላል ነው፤ እኔ ግን ሁለቱ ሰዎች ከስድብ ይልቅ ክርክርን መምረጣቸውን አከብርላቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ «በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ልጅ ነበርሁ። ቤታችን ግድግዳ ላይ ውሃው የደረሰበት ልክ ቡናማ መስመር ሆኖ እስካሁን አለ፤ አባቴ ቀለም ሲያስቀቡ እርሱን እንዳይነኩ ያዝዛሉ። ሆፍማን ወንዝ አድኗል የሚል ነገር አነበብሁ። ምን አድርጎ ነው? ለእኛስ የሚሆን ነገር አለበት?» (ከድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ)

መልስ፦ ይህን ደብዳቤ ለመጨረሻ ያቆየሁት ከሁሉ ይልቅ ልመልሰው የምፈልገው እርሱን ስለሆነ ነው።

ቅዱስ ሎሬንስ የሚባለው ወንዝ ከኦንታርዮ ሐይቅ ወጥቶ አሜሪካንና ካናዳን እየለየ ወደ አትላንቲክ ይወርዳል። መነሻው አካባቢ ከ1,800 የሚበልጡ ደሴቶች ስላሉበት ሺሕ ደሴቶች ይሉታል። ሆፍማን በ1976 ከጓደኛው ከጆሃና ሎሬንሰን ጋር ፋይንቪው ወደምትባል የዚህ አካባቢ መንደር መጣ፤ የእርሷ ቤተሰብ እዚያ የቆየ ቤት ነበረው። ስሙን ባሪ ፍሪድ አለ። ከመምጣቱ ጋር በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ኔፕኮ 140 የተባለ ነዳጅ ጫኝ ጀልባ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ወደ 300,000 ጋሎን የሚጠጋ ዘይት ወንዙ ላይ ፈሰሰ። ሸምበቆው፣ ድንጋዩ፣ የወፉ ክንፍ ሳይቀር ጠቆረ። የአካባቢው ሰው የእናንተን ቡናማ መስመር የመሰለ የራሱ ጥቁር መስመር ነበረው ማለት ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ጓድ አንድ ዕቅድ ይዞ ቀረበ። ወንዙ በብርዱ ወራት ስለሚረጋ መርከብ አያልፍበትም፤ ጓዱ በረዶውን በመርከብ እየሰበረ ዓመቱን ሙሉ እንዲያልፍበት አሰበ። ለመርከብ ኩባንያዎች ጥሩ ነው። ለባላገሩ ግን የሚሰበረው በረዶ ዳርቻውን ይፍቃል፣ ዓሣ የሚራባበትን ረግረግ ይጎዳል፣ በረዶው ላይ በእግርና በመኪና የሚሻገረውን የደሴት ነዋሪ ያግታል፤ ነዳጅ ቢፈስ ደግሞ ከበረዶ ሥር ገብቶ የሚያወጣው የለም።

እንግዲህ ሆፍማን በፖሊስ የሚፈለግ ሰው ነው። ፎቶግራፉ በየፖሊስ ጣቢያው አለ። ፊቱን በቀዶ ሕክምና አስለውጦ፣ ጺም አሳድጎ ነው የሚኖረው። እንዲህ ያለ ሰው ብልህ ከሆነ በርንዳው ላይ ተቀምጦ ዓሣ ያጠምዳል። ሆፍማን ግን ጎረቤቶቹን ሰበሰበና «ወንዙን አድኑ» የተባለውን ድርጅት በ1978 መሠረቱ። ጎረቤቶቹ ዓሣ አስጋሪዎች፣ ጀልባ አከራዮች፣ ጡረተኞች፣ አብዛኞቹም ይፒ የሚባል ነገር በቤታቸው እንዲነሣ የማይፈልጉ ወግ አጥባቂ ሰዎች ነበሩ። በአቢ ሆፍማንነቱ ቢመጣባቸው በር ይዘጉበት ነበር። ባሪ ፍሪድ ግን አሳማ አላጨም፣ ኖት አልበተነም። መንግሥት ያወጣውን የመሐንዲሶች ሰነድ ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ አገላብጦ፣ ምን እንደሚል በቀላል ቋንቋ እያስረዳ ከቤት ቤት ዞረ። ፊርማ አሰባሰበ፣ ደብዳቤ አስጻፈ። ጓዱ ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥ ስብሰባ ሲጠራ አዳራሹ በነዋሪ ሞላ። ለጋዜጠኞች ቃለ ምልልስ ሰጠ፣ በአካባቢው ቴሌቪዥን ቀረበ፤ እያንዳንዱ መቅረብ ወህኒ ሊያስገባው እንደሚችል እያወቀ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው ሴናተር ዳንኤል ፓትሪክ ሞይኒሃን ለምርመራ ወደ አካባቢው በመጡ ጊዜ ባሪ ፍሪድ ፊታቸው ቀርቦ ቃሉን መስጠቱ ነው። ሴናተሩ ሥራውን አድንቀው አመሰገኑት፤ አብረው ፎቶግራፍም ተነሡ። ለፌዴራል መንግሥት ምክር በሚሰጥ የውሃ ጉዳይ ኮሚቴ ውስጥም ተሾመ። መንግሥት በአንድ እጁ የሚያሳድደውን ሰው በሌላ እጁ አማካሪ አደረገው። የበረዶ መስበሩ ዕቅድ ቀረ። በሴፕቴምበር 1980 ሆፍማን ማንነቱን በቴሌቪዥን ገልጦ ለሕግ እጁን ሰጠ፤ ቀለል ባለ ክስ ጥፋተኛነቱን አምኖ ጥቂት ወራት ታስሮ ተለቀቀ። ጎረቤቶቹ ማንነቱን ካወቁ በኋላም ድርጅቱን አልበተኑትም፤ እርሱ ከሞተ በኋላ ለዐሥርት ዓመታት ወንዙን ሲጠብቅ ኖሯል።

እኔ ስለዚህ ሰው የማምነው ይህንን ነው፦ ስሙ፣ ዝናው፣ ጸጉሩና ቀልዱ ተወስደውበት ሲያበቁ የቀረው ነገር እውነተኛው አቢ ሆፍማን ነው። የቀረው ደግሞ ጎረቤቶቹን ሰብስቦ ሰነድ የሚያነብ ሰው ሆነ።

ለእናንተ ወደሚሆነው ነገር ልምጣ። ደቻቱና ቅዱስ ሎሬንስ አይመሳሰሉም። የእናንተ ወንዝ ዓመቱን በአብዛኛው አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገረዋል፣ ይነግድበታል፣ ከመጋላ ወደ ከዚራ ሲሄድ ወንዝ መሆኑንም ይረሳዋል። ከዚያ በደንገጎ ተራሮችና ከበላያቸው ባሉት ከፍተኛ ቦታዎች ዝናብ ይጥልና፣ ድሬዳዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ውሃው በሌሊት ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ከ250 በላይ ሰው የሞተው፣ ሺዎች ከቤታቸው የተፈናቀሉት እንዲህ ነው። ደን የተራቆተበት ተዳፋት ውሃውን አይዝም። ከዚያ ወዲህ በዳርቻው የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ግንብ ግን የሚይዘው የደረሰውን ውሃ ነው፤ ከላይ የሚነሣውን አያስቀርም።

ስለዚህ ባሪ ፍሪድ ገንደ ቆሬ ቢቀመጥ ምን ያደርግ ነበር ብዬ ሳስብ፣ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዕድር ስብሰባ ይመስለኛል። ድሬዳዋና ሐረር ማደራጀትን ከማንም መማር አያስፈልጋቸውም፤ ለቀብር በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን የሚተክል ዕድር አላችሁ፣ ሐረሪዎች አፎቻ አላቸው። የሚጎድለው ይህ ጉልበት ሰው ከመሞቱ በፊት እንዲሠራ ማድረግ ነው። ሁለተኛ፣ ስለ ተፋሰሱ፣ ስለ ግንቡ፣ ወንዙ ዳር ስለሚሰጠው የግንባታ ፈቃድ የተጻፈ ሰነድ ካለ ይጠይቃል፤ ያነብባል፤ ለማያነብቡት በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማልኛም ያስረዳል። ሦስተኛ፣ ወደ ላይ ይወጣል። ተራራው ላይ ያለው ገበሬ ጫቱንና ማሽላውን የሚዘራው ልጆቹን ለማብላት እንጂ ድሬዳዋን ለማስጠም አይደለምና፣ ቅዱስ ሎሬንስ ላይ ከወግ አጥባቂው ዓሣ አስጋሪ ጋር እንደተነጋገረ ከእርሱም ጋር ተቀምጦ ይነጋገራል።

አባትዎ ግድግዳው ላይ ያለውን መስመር አለማስነካታቸው ትክክል ነው። ከተቻለ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ ከወለሉ ስንት ሜትር እንደሆነ ለክተው፣ ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡት፤ ጎረቤቶችዎም ያላቸውን እንዲሁ ያድርጉ። ውሃው የት ድረስ እንደሚወጣ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አዳራሽ ውስጥ ማቅረብ አይቻልም።

የቅዱስ ሎሬንስ የመርከብ መስመር ዛሬም በታኅሣሥና በጥር መካከል ይዘጋል። በረዶው ይጋገራል፤ የደሴቶቹ ሰዎች ይሻገሩበታል፤ መርከቦቹም እስከ መጋቢት ይጠብቃሉ።